የተዳፈነ እሳት አልጠፋም፦ ከቤት ውጭ ለሚበሰል ዝክርና ለጠበል ሰፈር የእሳት ጥንቃቄ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአገራችን ከቤት ውጭ እሳት አንድዶ ማብሰል የሥርዓታችን አካል ነው። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችንን ልደት ስናከብር፣ ሐናና ኢያቄም ከሰው ሸሽተው በሊባኖስ ተራራ እንደ ወለዷት በማሰብ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ከቤት ወጥቶ በሜዳ ላይ ንፍሮ ይቀቅላል። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ሲያድሩ ካህናቱና ምእመናኑ አብረው ያድራሉ፤ እሳትም ይነዳል። በንግሥ፣ በዝክርና በተዝካር ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ትልልቅ ድስት ይጣዳል። የአብነት ተማሪዎች በደኑ ጥግ በተሠሩ ጎጆዎቻቸው ደጃፍ ያበስላሉ። በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወንዛዬ ፍል ውኃና ወደ ሌሎችም ጠበሎች የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ ለቀናትና ለሳምንታት ሰፍሮ፣ በላስቲክና በሣር መጠለያ መካከል ጉልቻ ጎልቶ ይሰነብታል።

ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ በፍም ላይ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ እንደ ተገለጠላቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ስለዚህ በሜዳ ላይ የሚሰናዳ ማዕድ የተቀደሰ ታሪክ ያለው ነው። ማዕዱ ለበረከት እንደ ታሰበ በበረከት እንዲፈጸም ግን እሳቱ በሥርዓት መያዝ አለበት። የዚህ ትምህርት ዓላማ የአጥቢያ ኮሚቴዎች ከቤት ውጭ የሚነደውን እሳት ቦታውን መርጠው፣ አሠራሩን አውቀው፣ ጠባቂ መድበው፣ በመጨረሻም ፈጽሞ አጥፍተው እንዲሄዱ ማስቻል ነው።

፩. የምናውቀው እሳትና የማናውቀው እሳት

«እሳትን ደግሞ ማን ያስተምረናል? ከእሳት ጋር አይደለም ወይ ያደግነው?» የሚል አባት ወይም እናት ሊኖር ይችላል። ንግግሩ እውነት አለው። እናቶቻችን በእሳት አያያዝ የሚስተካከላቸው የለም። ነገር ግን አብዛኛው እውቀታችን የቤት ውስጥ እሳት እውቀት ነው። በቤት ውስጥ ያለው ምድጃ ግድግዳ ከነፋስ ይከልለዋል፤ ወለሉ በጭቃ የተለቀለቀ ነው፤ የቤቱ ባለቤትም ሌሊቱን ሙሉ በአጠገቡ ትተኛለች።

ከዚህ እውቀት ዋነኛው ማዳፈን ነው። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እሳትን ለነገ ማሳደር ትልቅ ጥበብ ነበር። ማታ ፍሙ በአመድ ይሸፈናል፤ አመዱ አየር እንዳይበዛበት ስለሚከለክል ፍሙ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ሙቀቱም አያመልጥም። ጠዋት አመዱ ገለጥ ተደርጎ ጭራሮ ሲጣልበትና ሲነፋ ወዲያው ይቀጣጠላል። ሙያውን የምታውቅ እናት እሳቷን ለብዙ ቀን ሳይጠፋ ልታቆየው ትችላለች።

እንግዲህ ከድግስ በኋላ በሜዳ ላይ የቀረው ፍም አመድና አፈር ለበስ ተደርጎ ሲተው የተደረገው ነገር ምንድር ነው? ያው ማዳፈን ነው። ጢሱ ስለ ቆመና ነበልባሉ ስለ ተሰወረ የጠፋ ይመስለናል፤ በእርግጥ ግን እሳቱን ለነገ አሳድረነዋል። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አመዱ ይበተናል፤ ረመጡ ይገለጣል፤ ብልጭታው በደረቀ ሣር ላይ ያርፋል። በዚያን ጊዜ ድግሱን ያዘጋጁት ሁሉ ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ የሚያይም የለም። የዚህ ትምህርት ዋና ቃል ይህ ነው፦ የተዳፈነ እሳት አልጠፋም።

፪. ደኑ ቢቃጠል የሚቀረው ምንድር ነው?

በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት በደን ተከብበው ይገኛሉ። ከሩቅ ሲታዩ በእርሻና በግጦሽ ምድር መካከል እንደ አረንጓዴ ደሴት ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን ከዛሬው ምስል ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ደኖች እስከ ዛሬ በቦታቸው እንደ ጸኑ አረጋግጠዋል። ይህ የአባቶቻችን የጥበቃ ፍሬ ነው። ዳሩ ግን ቀድሞ ደኑን እንደ አጥር ከብቦት የነበረው ቁጥቋጦ በብዙ ቦታ ተመንጥሮ እርሻው እስከ ደኑ ጠርዝ ደርሷል። ከዚያ የተነሣ ጠርዙ ለፀሐይና ለነፋስ ተጋልጦ ደርቋል። እሳት የሚገባውም በጠርዝ በኩል ነው።

በእነዚህ ደኖች ላይ ለብዙ ዓመት ጥናት ያደረጉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረባቸው ጋር በአብያተ ክርስቲያናት ደን አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆየውን ዘር መርምረው ነበር። ያገኙት ውጤት ሊያሳስበን ይገባል። በአፈሩ ውስጥ የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ሲሆን፣ ከታላላቆቹ የአገር በቀል ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይጠራቀምም። በሌላ አነጋገር ትልቁ ዛፍና በሥሩ ያለው ችግኝ አብረው ከጠፉ ከመሬት ውስጥ ተመልሶ የሚበቅል ተተኪ የለም። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጽድ ግን ከተቃጠለ ከጉቶው አይመለስም። አንድ ጽድ ወይም ዝግባ ዛሬ ያለውን ቁመት ለማግኘት የብዙ ትውልድ ዕድሜ ፈጅቶበታል።

እሳት ከእጅ ካመለጠ በኋላ ማጥፋቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ጎረቤታችን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ምስክር ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በዚያ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት ሕዝቡ ቅጠልና አፈር ይዞ ለብዙ ቀን ደክሟል፤ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሞያዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተርም አስፈልገዋል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ አንደበት ሲያስተምር ትንሽ እሳት ታላቅ ጫካን እንደሚያነድ ምሳሌ አድርጎ መናገሩ፣ ነገሩ በዘመኑም የታወቀ እንደ ነበር ያሳያል።

፫. ቦታ መምረጥና ማሰናዳት

የማብሰያው ቦታ ድግሱ ሳይደርስ አስቀድሞ በኮሚቴው መመረጥና በየዓመቱ ያው ቦታ መሆን አለበት። በየጊዜው አዲስ ቦታ ላይ ማንደድ አደጋውንም የሚራቆተውንም መሬት ያበዛል። ሲመረጥ የሚከተሉት ይታዩ፦

ሀ/ ከደኑ ጠርዝ፣ ከሣር ክዳን፣ ከድንኳንና ከዳስ፣ ከገለባ ክምር ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ ይሁን። ነፋሱ ወደነዚህ የሚነፍስ ከሆነ ርቀቱ ይጨመር።

ለ/ በላዩ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አይኑር። ከትልቅ ዛፍ ሥር ማንደድ ጥላ ለማግኘት ቢመችም ሥሩን ያቃጥላል። ሥር ውስጥ የገባ እሳት ከመሬት በታች ጢስ ሳያሳይ ለቀናት ሊሄድና በሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል።

ሐ/ ከእሳቱ ዙሪያ በየአቅጣጫው 3 ሜትር ያህል ሣሩ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ተጠርጎ ባዶ አፈር እስኪታይ ድረስ ይጽዳ። ቅጠል በብዛት የረገፈበት መሬት ላዩ ብቻ ቢጠረግ አይበቃም፤ የበሰበሰው ቅጠል ራሱ ይነዳልና እስከ አፈሩ ይቆፈር።

መ/ የሕዝቡ መተላለፊያና የልጆች መጫወቻ ያልሆነ ይሁን። ተሸካሚዎች ትኩስ ወጥና ውኃ ይዘው በሕዝብ መካከል እንዳይጋፉ ከማብሰያው ወደ ማዕዱ የሚወስድ የተለየ መንገድ ይተው።

በጥር፣ በየካቲት፣ በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ ምድሩ ደርቆ ሳለ ነፋሱ በአብዛኛው የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በነዚህ ወራት ማብሰሉ በማለዳ ተጀምሮ ዋናው እሳት ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ነፋሱ ከመጀመሪያው ከባድ ከሆነ ምግቡ በቤት ተሠርቶ ይምጣ፤ በሜዳ እሳት ባለመነደዱ የሚጎድል በረከት የለም።

፬. ጉልቻና ቦይ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ ጣዕም እውነት ነው፤ ለአብሳዩ ደኅንነት ግን የጉልቻው ዓይነትና አቀማመጥ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ድንጋዮቹ ደረቅ፣ ጠንካራና ስንጥቅ የሌለባቸው ይሁኑ። ከወንዝ ውስጥ ወይም ከረግረግ የተነሣ ድንጋይ አይጎለት። እንዲህ ያለው ድንጋይ በውስጡ ውኃ ስለሚይዝ ሲግል ውኃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩ ሊፈነዳ፣ ስባሪውም ዓይንና ፊት ሊመታ ይችላል። በጉማራ ዳርም ሆነ በሌላ ወንዝ አጠገብ ለሚሰፍሩ ሰዎች ለስላሳው የወንዝ ድንጋይ የሚቀርባቸው ስለ ሆነ ይህ በተለይ ሊነገራቸው ይገባል። ሦስቱም ድንጋዮች ከሲሶ ያህላቸው መሬት ውስጥ ይቀበሩ፤ ድስቱ ተጥዶ በውኃ ተሞልቶ ሳለ በእንጨት ገፋ ሲደረግ የማይወዛወዝ መሆኑ እሳቱ ሳይለኮስ ይፈተን።

ለንግሥና ለተዝካር ብዙ ድስት በሚጣድበት ጊዜ ከጉልቻ ይልቅ ቦይ መቆፈር ይሻላል። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ከድስቱ ግርጌ ጠበብ ያለ፣ ርዝመቱ እንደ ድስቶቹ ብዛት ይሁን። የቦዩ አንድ ጫፍ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይክፈት፤ አየሩ በዚያ ገብቶ በሌላው ጫፍ ጢሱን ይዞ ይወጣል። ድስቶቹ በሁለቱ ዳርና ዳር በተደላደሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ላይ ይቀመጣሉ። የወጣው አፈር አይበተን፤ በአንድ በኩል ተከምሮ ይቆይ፤ እሳት ለማፈንም በመጨረሻ ቦዩን ለመሙላትም ያገለግላል። በቦይ ውስጥ ያለ ነበልባል ነፋስ አያንገላታውም፤ የሴቶቹን ቀሚስ አይደርስበትም፤ ሙቀቱም ወደ ጎን ስለማይባክን ማገዶ ይቆጥባል።

፭. ማገዶና አቀጣጠል

ማገዶው ከቤተ ክርስቲያኑ ደን አይለቀም፤ የወደቀ እንጨትም ቢሆን በስብሶ ለችግኙ ማዳበሪያ የሚሆን ነው። ማኅበርተኛው ከየቤቱ ባሕር ዛፍ ይዞ እንዲመጣ ወይም ከድግሱ ወጪ ላይ እንዲገዛ ይወሰን። እንጨቱ በደንብ የደረቀ፣ በክንድ ልክ የተቆረጠ ይሁን። ረጅም ግንድ ጫፉን ብቻ አስገብቶ እየገፉ ማንደድ የተለመደ ቢሆንም ሰው ያደናቅፋል፤ እሳቱም ግንዱን ተከትሎ ከተጠረገው ቦታ ውጭ ሊደርስ ይችላል። ቁልቋልና ቅንጭብ አይነደድ፤ ወተታቸውና ጢሳቸው ዓይንን ይጎዳል። ላስቲክና ጎማም እንዲሁ።

ሲለኮስ በመጀመሪያ ደረቅ ሣርና ቀጭን ጭራሮ፣ ቀጥሎ የጣት ውፍረት ያለው፣ በመጨረሻ የክንድ ውፍረት ያለው እንጨት በየተራው ይጨመር። ላምባ፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን በምንም ምክንያት አይፈስስ። ከሁሉ የሚከፋው በተዳከመ ፍም ላይ ማፍሰስ ነው፤ ተኑ በቅጽበት ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ወደ ዕቃው፣ ከዕቃውም ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል።

ስለ ማገዶ ቁጠባ አንድ ነገር እንጨምር። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላላት ውኃ በዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ወደ ጉና ሲወጣ ከዚያም ያንሳል። ባቄላና ሽንብራ በደጋ ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ ነው። ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት ማብዛት ሙቀቱን አይጨምረውም፤ ውኃውን ያተንናል፤ እሳቱን ከልክ በላይ ያሳድጋል። መፍትሔው እህሉን ከዋዜማው ጀምሮ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስቱን መክደንና ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ ነው። አነስተኛ እሳት ለመጠበቅም ለማጥፋትም ይቀላል።

፮. እሳቱ እየነደደ ሳለ

ለድግስ አጋፋሪና አሳላፊ እንደሚመደብ ሁሉ ለእሳቱም ጠባቂ ይመደብ። ጠባቂው አብሳይ አይሁን፤ አብሳይዋ ዓይኗ ከወጡ ላይ ነውና። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለት ሰዎች በየተራ ቢጠብቁ መልካም ነው። በአጠገባቸው ለእያንዳንዱ የማብሰያ ቦታ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ አካፋና እርጥብ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይኑር። ይህ ውኃ ለእጅ መታጠቢያ ወይም ለጠላ ዕቃ ማለቅለቂያ አይነካ።

የሚያበስሉ እናቶችና እኅቶች ነጠላቸውን በወገባቸው ጠበቅ አድርገው ይታጠቁ፤ ልጅ ያዘለች እናት ወደ እሳቱ አትቅረብ። ከእሳቱ 2 ሜትር ርቀት ላይ በድንጋይ ወይም በገመድ ክብ ተሠርቶ ከክቡ ውስጥ ልጆች እንዳይገቡ ይከልከል። ድስት ከሦስት አራተኛው በላይ አይሞላ። ትልቅ ድስት ሲወርድ ሁለት ብርቱ ሰዎች በደረቅ ጨርቅ ይዘው፣ የሚያስቀምጡበትን ቦታ አስቀድመው አይተው ያውርዱ፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ፈጥኖ ወደ እጅ ያስተላልፋል።

ዲያቆናትም ከቅዳሴ በኋላ የጽናውን ፍም በየዛፉ ሥር ወይም በአጥር ጥግ እንዳይደፉ፣ ለዚሁ የተለየና በውኃ የሚታጠብ የድንጋይ ጉድጓድ ይሠራ። የቤተ ልሔሙ አመድም እንዲሁ ሳይጠፋ ወደ ደኑ አይጣል።

፯. ማጥፋት

ለማጥፋት የሚወስደው ጊዜ ከድግሱ ሰዓት ውስጥ ይቆጠር። ሰው ከመሄዱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ እንጨት መጨመር ይቁም። ከዚያ በኋላ በቅደም ተከተል፦

አንደኛ፣ ያልነደደው እንጨት ተነጥሎ ጫፉ በውኃ ይነከር። ትርኳሹን በሣር ላይ መጣል ክልክል ነው።

ሁለተኛ፣ ፍሙ በቦዩ ወይም በክቡ ውስጥ ይበተን፤ ተከማችቶ አይተው።

ሦስተኛ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሞ ውኃው ቀስ ብሎ፣ እንደ ጠል እየተረጨ ይፍሰስ። በአንድ ጊዜ መድፋት ትኩስ እንፋሎትና አመድ ወደ ፊት ያስነሣል።

አራተኛ፣ በአካፋ እየተገለበጠ አመዱና ውኃው እንደ ጭቃ ይለወስ፤ የጉልቻው ድንጋይም ይገልበጥ፤ ከሥሩ ፍም ይደበቃልና።

አምስተኛ፣ እንደገና ውኃ ይጨመር። የመፍላት ድምፅ እስኪቆም፣ ጢስና እንፋሎት እስኪያልቅ ድረስ ይደገም።

ስድስተኛ፣ ጠባቂው የእጁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠግቶ ሙቀት የማይሰማው ከሆነ ቀጥሎ ይዳስሰው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ገና አልጠፋም።

ውኃ ያነሰበት ቦታ አፈር መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን አፈሩ ከፍሙ ጋር እየተለወሰ፣ እየተገለበጠ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይሠራ። ከላይ አልብሶ መሄድ ግን ያው ማዳፈን ነው። ቦዩ በአፈር የሚሞላው ሁሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

፰. በጠበል ሰፈር

በወንዛዬም ሆነ በሌሎች የጠበል ቦታዎች የሚሰፍረው ሕዝብ ከድግሰኛ ይለያል። ብዙው የታመመ፣ የደከመ ወይም አስታማሚ ነው። መጠለያዎቹ ተቀራርበው ይሠራሉ፤ ላስቲክና ሣር ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠለያ የተለየ ጉልቻ ከመጎለት ይልቅ ከመጠለያዎቹ ወጣ ብሎ የጋራ ማብሰያ ቢሠራ፣ ዙሪያውም በድንጋይ ካብ ቢከበብ ይመረጣል።

በተለይ ልናስብላቸው የሚገባ ወገኖች አሉ፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በቡታጅራ አካባቢ ባካሄዱት የታወቀ ጥናት ከእነዚህ ሰዎች መካከል እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ እንዳሉ፣ በሽታውም በንክኪ ይተላለፋል የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ እንዳለ ታይቷል። ይህ እምነት ሰውን በእሳት ውስጥ ያስቀራል፤ የወደቀውን ለማንሣት የሚፈራ እጅ በዘገየ ቁጥር ቃጠሎው ይጠልቃልና። የሚጥል በሽታ በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም አይተላለፍም። ካህን ይህን ከመድረክ ቢናገር ቃሉ ከማንም ይበልጥ ይሰማል። የወደቀ ሰው በተገኘ ጊዜ ወዲያው ከእሳቱ ይሳብ፤ በጎኑ ይተኛ፤ በአፉ ምንም ነገር አይግባ፤ ክብሪት ለኩሶ ማሽተት አይጠቅመውም። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ጠበልተኛ ብቻውን እሳት አጠገብ አይቀመጥ፤ ምግቡን ሌላ ሰው ያብስልለት። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም በድንገት አያቋርጥ፤ ማቋረጡ የሚጥለውን ሕመም ያከፋዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ለዚህም ሕመም መንገዱ ያው ነው።

ሌላው በጠበል ሰፈርና በአብነት ተማሪዎች ጎጆ የሚታየው አደጋ የከሰል ነው። ሌሊቱ ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ይገባል። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። «ጢሱ ስላለቀ አይጎዳም» የሚለው ስሕተት ነው፤ ጢስ የሌለው የቀላ ፍምም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ከሰል ከደጅ ይቅር፤ ለብርድ ልብስ ይጨመር።

፱. ቃጠሎ ቢደርስ

ልብሱ የተቀጣጠለ ሰው መሮጥ የለበትም፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋል። መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፤ ያለው ሰው ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ያፍነው።

የተቃጠለው ቦታ ወዲያውኑ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። 20 ደቂቃ ረጅም መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ሙቀቱ ቆዳው ውስጥ ገብቶ ጉዳቱን እንዳይቀጥል የሚያደርገው ይህ ነው። ሰውነቱ በሙሉ እንዳይቀዘቅዝ፣ በተለይም ሕፃን ከሆነ፣ ሌላው አካሉ ይሸፈን። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ጭቃ፣ እበት፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ሙቀቱን ያፍናሉ፤ ቁስሉን ይመርዛሉ። ውኃ የቋጠረው አይፈንዳ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ኀፍረተ ሥጋ የተቃጠለ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አረጋዊ ሁሉ ቃጠሎው ትንሽ ቢመስልም ይወሰዱ።

፲. የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ይህ ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው በቃለ ጉባኤ ሲሰፍር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አምስት ነገሮችን ወስኑ፦ የማብሰያው ቋሚ ቦታ የት እንደ ሆነ፤ በየበዓሉ እሳት ጠባቂ ማን እንደሚሆን በስም፤ ውኃና አካፋ የሚያቀርበው ማን እንደ ሆነ፤ ማገዶው ከየት እንደሚመጣ፤ እሳቱ መጥፋቱን በመጨረሻ ዳስሶ ለአስተዳዳሪው የሚያስታውቀው ማን እንደ ሆነ። ድግስ ደጋሹ ባለ ዝክር ከሆነም ይህ ቦታውን ሲጠይቅ ይነገረው። በታኅሣሥ፣ ደረቁ ወቅት ሳይበረታ፣ በደኑ ካብ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣር በስፋት ማጽዳትም በጉልበት ሥራ መርሐ ግብር ይያዝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ባለፈው ግንቦት ልደታ ወይም ንግሥ እሳት የነደደው የት የት ነበር? ከደኑ ምን ያህል ይርቃል? በእግር ሄዳችሁ ለኩት።

2. ድግሱ ካለቀ በኋላ እሳቱን በመጨረሻ ያየው ማን ነበር? አጥፍቶት ነበር ወይስ አዳፍኖት?

3. በጠበላችን ወይም በመንደራችን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምግቡን ማን ያበስልለታል?

4. የአብነት ተማሪዎቻችን ጎጆዎች እርስ በርስና ከደኑ ምን ያህል ይራራቃሉ? በሌሊት እሳት ቢነሣ ውኃው የት ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስትሰጡ እናቶችን አስቀድማችሁ ስሙ። እሳቱን በየዕለቱ የሚይዙት እነርሱ ናቸውና፤ የቤቱን እሳት ለነገ ማሳደርን እንደሚያውቁት፣ የሜዳውን እሳት ማጥፋትንም ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት እነርሱ ይሆናሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።